ሐራቲኖች ከማን ጋር ይቆጠራሉ? የሞሪታኒያ ያደረ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በጁን 2024 መጨረሻ ሞሪታኒያውያን ድምፅ ሲሰጡ ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ኡልድ ጋዝዋኒ በ56 ከመቶ ማሸነፋቸው ያስገረመው ሰው አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልብ ሊባል የሚገባው ሁለተኛ የወጡት ተወዳዳሪ ያገኙት ድምፅ ነው። ቢራም ዳህ አበይድ በ2014 ሲወዳደሩ 9 ከመቶ እንኳ አልሞሉም ነበር። በ2019 ወደ 19 ከመቶ ተጠጉ፤ በ2024 ደግሞ 22 ከመቶ ደረሱ። ቢራም ከባርነት በወጣ ቤተሰብ የተወለዱና በፀረ ባርነት ትግላቸው ምክንያት በተደጋጋሚ የታሰሩ ሰው ናቸው። በ2018 የፓርላማ አባል ሆነው ሲመረጡም እስር ላይ ነበሩ።

ያን ጊዜ የተመረጡበት ፓርቲ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። የራሳቸው ፓርቲ ሕጋዊ ዕውቅና ስለተከለከለ የቀረቡት በሳዋብ ስም ነበር። ሳዋብ ደግሞ የባዝ ርዕዮት የሚከተል የዐረብ ብሔርተኞች ፓርቲ ነው። የጥቁር ባሮች ልጅ በዐረብ ብሔርተኞች ስም ተወዳድሮ ፓርላማ ይገባል! አገሪቱን ከሩቅ ሆኖ «ዐረብ» እና «ጥቁር» ብሎ ለሁለት ከፍሎ የሚያያት ሰው እዚህ ጋ ግራ ይጋባል። ሞሪታኒያውያን ግን ብዙም አልገረማቸውም፤ ምክንያቱም የቢራም ወገኖች፣ ከባርነት የወጡት ጥቁሮች ማለትም ሐራቲኖች፣ በመልካቸው ከአንዱ፣ በቋንቋቸው ከሌላው ናቸው።

ስለ ሞሪታኒያ በውጭ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ባርነት ያልጠፋባት አገር» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያበቃል። ባርነቱ እውነት ነው፤ ሊቃለልም አይገባም። ነገር ግን ከጌታ ቤት የወጣው እጅግ የሚበዛው ሐራቲን ዛሬ ያጣው የሚያርሰውን መሬትና ዜጋ መሆኑን የሚያረጋግጥለትን ወረቀት ነው። ያጣውም በአጋጣሚ አይደለም። ያለ ሐራቲን ቢዳን (ዐረብኛ ተናጋሪው የጌቶቹ ወገን) ብቻውን አብላጫ አይሆንም፤ ያለ ሐራቲን የወንዙ ሕዝቦችም (በሴኔጋል ወንዝ ዳር የሚኖሩት ሌሎቹ ጥቁሮች) አብላጫ አይሆኑም። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች «ሐራቲን የእኔ ነው» ሲሉ ኖረዋል። መሬቱንና ሥልጣኑን ለማካፈል ግን የቀደመ የለም።

ሞሪታኒያ በስፋት ከኢትዮጵያ ብዙም አታንስም፤ ከ1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ትበልጣለች። ሕዝቧ ግን 5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው ምድሯ አሸዋና ድንጋይ ነው፤ የሚታረሰው በደቡብ ጫፍ፣ በሴኔጋል ወንዝ ዳርና ዝናብ በሚደርስባቸው ጥቂት አካባቢዎች ነው። በወንዙ ዳር ፑላር የሚናገሩት ሃልፑላሮች፣ ሶኒንኬዎችና ዎሎፎች ይኖራሉ፤ ገበሬዎች፣ ከብት አርቢዎችና አሣ አጥማጆች ናቸው። ከነሱ ወደ ሰሜን ያለው ሰፊ አገር የቢዳኖች ነው። ቢዳኖች ከዐረብና ከበርበር የተወለዱ፣ ሐሳኒያ የተባለውን የዐረብኛ ዘዬ የሚናገሩ፣ ለዘመናት በግመልና በድንኳን የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ሐራቲኖች ደግሞ ከነዚሁ ቢዳኖች ቤት የወጡ ጥቁሮች ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በሐሳኒያ ነው፤ ሻዩን እንደ ጌቶቻቸው ሦስት ጊዜ እየቀዱ ይጠጣሉ፤ ግጥሙም ሙዚቃውም የጋራ ነው። ሁሉም ወገኖች ሙስሊሞች፣ የማሊኪ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ መንገድ) ተከታዮችም ናቸው። መንግሥት ሲቆጥር የብሔር ውጤት አያወጣም፤ በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት ቢዳን 30፣ ሐራቲን 40፣ የወንዙ ሕዝቦች 30 ከመቶ ገደማ የሚል ነው።

ከመካከላቸው «መጤ» ሊባል የሚችለውን ለሚፈልግ ታሪኩ አይመቸውም። በቲሺት ገደል ጫፍ ከ4 ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ የተቆረቆሩ የድንጋይ መንደሮች ፍርስራሽ አለ። ነዋሪዎቹ ከብት ያረቡና ቡልቱግ ያመርቱ ነበር፤ ብዙ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችም የሶኒንኬዎች ቅድመ አያቶች ያደርጓቸዋል። አል በክሪ በ1068 የጻፈለት የጋና መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች የምትባለው ኩምቢ ሳሌህም ያለችው በዛሬዋ ጋና ሳይሆን በደቡብ ምሥራቅ ሞሪታኒያ ነው። በዚያው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሰንሃጃ የተባሉት የበርበር ዘላኖች ከዚሁ በረሃ ተነሥተው የአልሞራቪዶችን መንግሥት መሠረቱ፤ ማራኬሽን ቆረቆሩ፤ እስከ ስፔን ዘለቁ። ዐረቦቹ በኒ ሐሳን የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ምዕራብ የተካሄደው የሻር ቡባ ጦርነት ዛሬም ድረስ የሚታየውን የማኅበረሰብ ደረጃ አጸና። ናስር አል ዲን የተባለ የሃይማኖት መሪ ያስነሣው ንቅናቄ በሐሳን ጦረኞች ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው የሐሳኖች፣ መጽሐፉ ዘዋያ የሚባሉት የሃይማኖት ሊቃውንት ሆነ፤ ዝናጋ የሚባሉት ገባር ሆኑ። አንጥረኛውና አዝማሪው የየራሳቸው ዝቅ ያለ ቦታ ተሰጣቸው። ከሁሉም በታች ባሪያው፣ ከባሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ነፃ የወጣው ሐራቲን ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ። ዛሬ ዐረብ ነኝ ከሚለው ቢዳን ውስጥ ብዙው የሰንሃጃ ዘር ነው። የአያቶቹን የበርበር ቋንቋ ትቶ ሐሳኒያን ያዘ፤ የአሮጌው ቋንቋ ተናጋሪዎች ዛሬ በደቡብ ምዕራብ የቀሩ ጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ ናቸው። ይህ ሕዝብ በቋንቋና በባህል ዐረብ መሆን ችሏል። ሐራቲኑም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ድንኳን ውስጥ ያንኑ ቋንቋ ይዟል። ለሰንሃጃው የተከፈተው በር ለሐራቲኑ ያልተከፈተው የዘር ሐረግ ስለሚጠየቅ ነው። የጎሣው የትውልድ መዝገብ ውስጥ የሐራቲኑ አባት ስም የለም፤ ያለው የጌታው ስም ነው። ስለዚህ ሐራቲኑ የሕዝብ ብዛት ሲሰላ ዐረብ ይሆናል፤ ውርስ፣ ጋብቻና መሬት ሲነሣ ግን ባሪያነቱ ይታወስበታል።

መጻሕፍቱም የዚሁ ታሪክ አካል ናቸው። ሺንጌጢ፣ ዋዳን፣ ቲሺትና ወላታ በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ የካራቫን ከተሞች ናቸው። በሺንጌጢ የቤተሰብ ቤተ መጻሕፍት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። የቤቱ ባለቤት ወፍራሙን የእንጨት በር ከፍቶ ያስገባና ከሣጥን ወይም ከካርቶን ውስጥ መጻሕፍቱን እያወጣ ያሳያል፤ ቁርኣን፣ ሰዋስው፣ ሥነ ፈለክ፣ ሕክምና፣ ሕግ። ጥጋቸው ምስጥ የበላው አለ፤ በቆዳ የተለበደ አለ። አሸዋው እስከ ከተማዋ ግድግዳ ድረስ ደርሷል። በብራና ላደገ ለኛ አገር አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም፤ የቅርሱ ትልቅነትም አያጠያይቅም።

ነገር ግን ከነዚያ የማሊኪ ሕግ መጻሕፍት ውስጥ ባሪያ እንዴት እንደሚሸጥ፣ እንዴት እንደሚወረስ፣ ምስክርነቱ ምን ያህል እንደሚያዝ የሚደነግጉ ምዕራፎች አሉ። ቢራም በኤፕሪል 2012 እንዲህ ያሉትን የሕግ መጻሕፍት በአደባባይ አቃጠሉ። አገሪቱ ተናወጠች፤ ሰልፈኛው ቅጣት ጠየቀ፤ እሳቸውም ለወራት ታሰሩ። መጽሐፍ ሲቃጠል ማየት ለእኔ ከባድ ነው፤ ድርጊቱን አልደግፈውም። ይሁንና በዚያው ሰሞን ሰዎች ዛሬም በባርነት መያዛቸው የመጽሐፍ መቃጠልን ያህል ሕዝብ ለምን አደባባይ አላወጣም ብለው ቢራምና ደጋፊዎቻቸው ያነሡት ጥያቄ መልስ አላገኘም። የሐራቲን እናት ልጇን ከጌታዋ ቤት ይዛ ለመውጣት የምትፈራው ፖሊስን ብቻ አይደለም። ለጌታ መታዘዝ የእምነት ግዴታ እንደሆነ፣ እምቢ ማለት ገነትን እንደሚያስከለክል እየተነገራት ያደገች ናት።

ፈረንሳዮች ይህን ሥርዓት አልነኩትም። በ1905 በምዕራብ አፍሪካ ግዛታቸው የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ በዚያው ዓመት ሞሪታኒያን የማስገበር ዕቅድ ነዳፊ የነበረው ግዛቪየ ኮፖላኒ በቲጂክጃ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ቅኝ ገዥዎቹ በጎሣ አለቆች በኩል መግዛትን መረጡ፤ አለቆቹ ደግሞ የባሮች ጌቶች ነበሩ። አገሪቱ የምትተዳደረውም ከራሷ ድንበር ውጭ፣ ሴኔጋል ውስጥ ካለችው ከሴንት ሉዊስ ነበር። ነፃነት ሲቃረብ ዋና ከተማ ስላልነበረ በ1958 ኑዋክሾት በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር መንደር የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ኖቬምበር 28 ቀን 1960 ነፃነት ታወጀ፤ ሞክታር ኡልድ ዳዳህ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሞሮኮ አገሪቱ የኔ ናት ብላ እስከ 1969 ዕውቅና ነፈገቻት።

አዲሱ መንግሥት የዐረብና የአፍሪካ ድልድይ ነኝ አለ። በ1966 ዐረብኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግዴታ ሲሆን ፈረንሳይኛ ተምረው የቢሮ ሥራ የያዙት የወንዙ ሕዝቦች ተቃወሙ፤ ኑዋክሾት ውስጥ ደም ፈሰሰ። በ1973 አገሪቱ የዐረብ ሊግ አባል ሆነች። በ1975 ከሞሮኮ ጋር ምዕራብ ሰሃራን ለመካፈል ገባች፤ ለምዕራብ ሰሃራ ነፃነት የሚታገሉት የፖሊሳሪዮ ተዋጊዎች እስከ ኑዋክሾት ዘልቀው መቷት። ወታደሩ በ1978 መንግሥት ገለበጠ፤ በማግሥቱ ዓመትም ከጦርነቱ ወጣች። ከዚያ በኋላ መፈንቅለ መንግሥት በመፈንቅለ መንግሥት ላይ ተደራረበ።

ከሁሉም በላይ ኑሮን የቀየረው ግን ድርቁ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀው ድርቅ መንጋውን ፈጀ። በነፃነት ዋዜማ ከሕዝቡ የሚበዛው ዘላን ነበር፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ዘላኑ ጥቂት ሆነ። መንጋው ያለቀበት ጌታ ባሪያውን ማብላት አልቻለም። ብዙ ሐራቲኖች ከጌታ ቤት የወጡት በአዋጅ ሳይሆን በዚህ ድርቅ ነው። ኑዋክሾት ዳር በጨርቅና በቆርቆሮ መጠለያ ሠርተው የወደብ ተሸካሚ፣ የውኃ ሻጭ፣ የግንበኛ ረዳት ሆኑ። ለጥቂት ሺህ ሰዎች የታቀደችው ከተማ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። በ1978 «ኤል ሆር» የተባለው የሐራቲኖች ንቅናቄ የተመሠረተው በነዚህ ሰዎች መካከል ነው።

የንቅናቄው ግፊት አዋጅ አስወጣ። በ1981 ባርነት ተሻረ፤ ሞሪታኒያ ይህን በማድረግ በዓለም የመጨረሻዋ ናት። አዋጁ ካሣ ይከፈላል ሲል ካሣው ለጌቶቹ ነበር። ባሪያ ይዞ የተገኘ ምን እንደሚቀጣ ግን አልተጻፈም፤ ቅጣት የተደነገገው በ2007 ነው። ያም ሕግ ተበዳዩ ራሱ ካልከሰሰ አይንቀሳቀስም ነበር። ማንበብ የማይችል፣ መታወቂያ የሌለው፣ ጌታውን የሚፈራ ሰው ዐቃቤ ሕግ ፊት ቆሞ እንዲከስ ይጠበቅ ነበር ማለት ነው። በ2011 ሁለት ወንድማማች ልጆች ከጌታቸው ቤት አመለጡ። እናታቸው ባሪያ ስለነበረች ባሪያ ሆነው ተወልደው፣ ግመል ሲጠብቁና የቤት ሥራ ሲሠሩ ያደጉ ናቸው። የጌታው ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ እነሱ ግን አልተማሩም። ጌታው ተከሶ 2 ዓመት ተፈረደበትና ከጥቂት ወራት በኋላ በዋስ ወጣ። ጉዳዩ ወደ አፍሪካ ኅብረት የሕፃናት መብት ኮሚቴ ሄዶ በ2017 ሞሪታኒያ ልጆቹን አልጠበቀችም ተብሎ ተወሰነ።

በ2015 የወጣው ሕግ ጠንከር ያለ ነው። ባርነትን በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ይለዋል፤ እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ የመብት ድርጅቶችም መክሰስ ይችላሉ። በኑዋክሾት፣ በኑዋዲቡና በኔማ ልዩ ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ። በ2018 የኑዋዲቡው ፍርድ ቤት 20 እና 10 ዓመት ፈርዷል። ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ዎክ ፍሪ የተባለው ድርጅት በ2023 ባወጣው ግምት ግን በዘመናዊ ባርነት ውስጥ ያለው ሕዝብ 149 ሺህ ይሆናል፤ ፍርድ ቤት የደረሱት ጉዳዮች ከዚህ ጋር ሲተያዩ እጅግ ጥቂት ናቸው።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ፤ የኔ ክርክር ዋና ማረፊያ እሱ ነውና። «መሬት ላራሹ» ሲባል ሰምቶ ላደገ ኢትዮጵያዊ የሐራቲኑን ነገር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሰሜን፣ በአድራር ክልል፣ ተምሩን የሚያጠጣው፣ የሚያዳቅለውና ፍሬውን የሚያወርደው ብዙ ጊዜ ሐራቲን ነው። በበጋ ተምሩ ሲበስል የቢዳን ቤተሰቦች ከከተማ መጥተው በዛፉ ጥላ ሥር ይከርማሉ፤ የመከሩ ድርሻም ለባለርስቱ ይሰፈራል። ሐራቲኑ ነፃ ነው፤ ቦታውን ትቶ መሄድ ይችላል። ከሄደ ግን አባቱና አያቱ ያለሙትን መሬት ባዶ እጁን ይለቃል።

በ1983 የወጣው የመሬት ሕግ የጎሣ ይዞታን ሽሮ መሬት የአገር ነው፣ ግለሰብም ሊይዘው ይችላል አለ። ቃሉን ለሚያነብ ተራማጅ ሕግ ይመስላል። ጊዜው ግን በሴኔጋል ወንዝና በገባሩ ላይ የዲያማና የማናንታሊ ግድቦች የሚሠሩበት፣ የወንዙ ዳር መሬት በመስኖ ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ ነበር። ያልለማ መሬት ወደ መንግሥት ይገባል በሚለው አንቀጽ ገንዘብና ዘመድ ያለው ነጋዴ ከሰሜን መጥቶ የሃልፑላሩን የውኃ መሸሻ ማሳ በስሙ አስመዘገበ። ተቃውሞው በረታ። በ1986 የጥቁር ሞሪታኒያውያንን በደል የሚዘረዝር ማኒፌስቶ ወጣ፤ አዘጋጆቹ ታሰሩ። በ1987 በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተከሰው ሦስት የሃልፑላር መኮንኖች ተገደሉ።

በኤፕሪል 1989 ዲያዋራ በምትባል የወንዝ ዳር መንደር አካባቢ እረኞችና ገበሬዎች ተጋጩ፤ ሁለት ሴኔጋላውያን ሞቱ። ዳካር ውስጥ የሞሪታኒያውያን ሱቆች ተዘረፉ፤ ሰዎች ተገደሉ። ኑዋክሾት ውስጥ ደግሞ በአጸፋው ጥቁሮች ታደኑ። ከዚያ የፕሬዚዳንት ኡልድ ታያ መንግሥት የራሱን ዜጎች «ሴኔጋላውያን ናችሁ» እያለ መታወቂያቸውን ቀዶ፣ ከብታቸውን ወርሶ ወንዙን አሻገራቸው። የተባረሩት ከ60 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። አያቶቻቸው በዚያ ምድር ከበኒ ሐሳን በፊት የነበሩ ሰዎች በአንድ ሌሊት የውጭ ዜጎች ሆኑ። በ1990 እና 1991 በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወታደሮች ተገደሉ። 30ኛው የነፃነት በዓል በዋለበት በኖቬምበር 28 ቀን 1990፣ ኢናል በተባለው የጦር ሰፈር 28 ወታደሮች ተሰቀሉ። የ1993 የምሕረት ሕግ ገዳዮቹን ከክስ ነፃ አደረገ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሐራቲኑ ድርሻ ምን ነበር? በኑዋክሾት ጥቃት ብዙ ጊዜ ዱላ ተሰጥቶት የተሰማራው ሐራቲን ነው። የተባረሩት ገበሬዎች በለቀቁት ማሳ ላይ እንዲሰፍር የተደረገውም ሐራቲን ነው። ለዘመናት መሬት የተነፈገው ሰው መጀመሪያ ያገኘው መሬት የሌላ ድኻ ማሳ ሆነ። ከ2008 እስከ 2012 ወደ 24 ሺህ የሚጠጉ ስደተኞች በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት በኩል ከሴኔጋል ሲመለሱ ማሳቸው ላይ ሌላ ሰው አገኙ። ሐራቲኑንና የወንዙን ጥቁር አንድ ላይ እንዳይቆሙ የሚያደርጋቸው ትልቁ ነገር ይህ ትዝታ ይመስለኛል፤ በቋንቋ አለመግባባቱን ያህል እንዲያውም ከዚያ በላይ።

ሌላው ወረቀቱ ነው። በ2011 መንግሥት የጣት አሻራ የያዘ አዲስ የሕዝብ ምዝገባ ሲጀምር የወንዙ ሕዝቦች «ዜግነቴን አትንኩ» ብለው ወጡ፤ በመዝገብ ሹሞች ፊት ሞሪታኒያዊነታቸውን እንዲያረጋግጡ ይጠየቁ ነበርና። ሐራቲኑ የተቸገረው በሌላ መንገድ ነው። ልጅን ለማስመዝገብ የወላጆች ሰነድ ይጠየቃል። በባርነት የኖረች እናት ሰነድ የላትም፤ አባት ያልተመዘገበ ወይም ልጁን ያልተቀበለ ሊሆን ይችላል። ያልተመዘገበ ልጅ የብሔራዊ ፈተና አይቀመጥም፤ ትምህርቱን ካቆመ ደግሞ ዕጣው የታወቀ ነው። የ2022 የትምህርት ሕግ ፑላር፣ ሶኒንኬና ዎሎፍ በትምህርት ቤት እንዲሰጡ፣ የዐረብኛ ተናጋሪ ልጆችም አንዱን እንዲማሩ ይላል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ቋንቋዎቹ ግን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አይደሉም፤ ተቃዋሚዎችም የሚከራከሩት በዚህ ላይ ነው።

የወረቀቱ ጉዳይ ከ2024 ወዲህ አዲስ ክብደት አግኝቷል። በዚያ ዓመት ማርች ላይ የአውሮፓ ኅብረት ወደ ካናሪ ደሴቶች የሚደረገውን የጀልባ ጉዞ ለማስቆም ከሞሪታኒያ ጋር ተስማምቶ የ210 ሚሊዮን ዩሮ ድጋፍ መደበ። ጋዝዋኒ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረትን ሊቀ መንበርነት የተረከቡት ከዚያ በፊት በነበረው ወር ነው። በምሥራቅ፣ በምበራ የስደተኞች ካምፕና በአካባቢው፣ ከማሊ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ እየጨመረ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ፖሊስ በየሰፈሩ እየዞረ የማሊ፣ የሴኔጋልና የሌሎች አገሮች ዜጎችን በብዛት ወደ ድንበር ማጋዝ ጀመረ፤ ማሊና ሴኔጋል ቅሬታ አሰሙ። 1989ን ያየ የወንዝ ዳሮቹ ከተሞች የካኤዲ ወይም የሮሶ ሰው ይህን በዝምታ ሊያየው አይችልም። መንገድ ላይ «ወረቀትህን አሳይ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው መልኩ ጥቁር የሆነው ነው፤ ከጥቁሮቹም ወረቀት ሳይኖረው የሚያዘው ራሱ መንግሥት ሳይመዘግበው ያስቀረው ሐራቲን ሊሆን ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ ከሁለት ዘመን በላይ መግዛትን ስለማይፈቅድ ጋዝዋኒ በ2029 መውረድ አለባቸው። ከዚያ በፊት ብሔራዊ ምክክር እንደሚካሄድ በ2025 አስታውቀዋል፤ የ1989 እስከ 1991 ግፍና የባርነት ውርስ በአጀንዳው እንዲካተቱ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ግፉን በሚመለከት ለተጎጂ ቤተሰቦች ካሣ መክፈል ከዚህ በፊትም ተሞክሯል፤ በ1993ቱ የምሕረት ሕግ ላይ ግን ማንም እጁን አላነሣም። ምክክሩ ከልብ ይሁን አይሁን የሚለየው በንግግሮቹ ብዛት አይመስለኝም። በትራርዛና በብራክና ወንዝ ዳር፣ ከሴኔጋል የተመለሰው ገበሬና በ1989 የሰፈረው ሐራቲን አንዱን ማሳ ሁለቱም የኔ ይላሉ። ለሁለቱም የሚበቃ መሬት አለ፤ በመስኖ የለማው ሰፊው ክፍል ግን በነጋዴዎችና በባለሥልጣናት ስም የተመዘገበ ነው፤ እስካሁን ለድርድር ያልቀረበውም እሱ ነው።